ጨው ከሆነ የእግዜር

ጁን 29፣ ሰኞ

ከኢሽቤል ደብዳቤ መጣ። የእህቴ ልጅ ናት፤ ግላስጎው ነርስ ሆና ትሠራለች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለመልእክቱ፣ አንዴ ለሥርዓተ ነጥቡ። ሁለቱም አላስደሰቱኝም።

«አክስቴ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶዎታል። በኤፕሪል ሐይቁ ውስጥ መውደቅዎን የሰማሁት ከሰው ነው። ዳግመኛ ከዚያ ቋጥኝ ላይ መታየትዎን ብሰማ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ክፍልዎ ተዘጋጅቷል። በሴፕቴምበር መጥቼ በዓይኔ አይቼ እወስናለሁ።»

አልወደቅሁም። ተንሸራተትኩ። ውሃውም ከወገቤ አላለፈም። «ከሰው» የተባለችው ጎረቤቴ ዶሊና ናት፤ የእሷ አፍ ባለበት አገር ቴሌግራም ቤት መክፈት ትርፍ ወጪ ነበር።

ያንን ክፍል አውቀዋለሁ። መስኮቱ የሚያሳየው የጡብ ግድግዳ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሳምንት ሰንብቼ ጡቦቹን ቆጥሬያለሁ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚቆጠር የለም።

መልስ ጻፍኩላት፦ «ውሃው አልጫ ሆኖ ሳለ ከቋጥኙ ላይ መንጠቆ እንደማልጥል ቃል እገባለሁ።» እውነተኛ ቃል ነው። ሌላ ቃል ከፈለገች ሌላ ደብዳቤ ትጻፍ።

ጁን 30፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር አንድ ቀን ዳኛ ፊት የሚቀርብ ከሆነ ነገሩ በሥርዓት ተጽፎ ይገኝ።

ከቤቴ በታች ያለው ሐይቅ ከባሕሩ የሚለየው በአንድ የድንጋይ ደፍ ነው። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ በሚመጣው ትልቅ ሙላት ብቻ ባሕሩ ደፉን ተሻግሮ ይገባል፤ የሚቆየው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ትራውት የሚባሉት ዓሦችም አብረውት ይገባሉ። አባቴና የድሮው ባለርስት በዚህ ዓሣ ሰባት ዓመት ከተጣሉ በኋላ ታረቁ። ስምምነታቸው አጭር ነው፦ ውሃው ጨው ከሆነ የእግዜር ነው፣ የዚህ ቤት ሰው ያጠምዳል፤ አልጫ ከሆነ የባለርስቱ ነው፣ እጅ ይሰበሰባል። ስለዚህ አባቴ የማጥመጃ ዘንጉን ሳያነሳ በቆርቆሮ ኩባያ ቀድቶ ይቀምስ ነበር። እኔም እቀምሳለሁ። ሳልቀምስ ጥዬ አላውቅም።

ሌላው የሰዓት ነገር ነው። መንግሥት በበጋ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋዋል። ፖስታ ቤቱን በያዝኩባቸው አርባ አንድ ዓመታት ግድግዳው ላይ የመንግሥትን ሰዓት ሰቅያለሁ፤ ደመወዙን እበላ ነበርና። በቤቴ ያለው ግን የእግዜር ሰዓት ነው፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት የሚነግረው የሙላት ሰሌዳም የሚታተመው በእግዜር ሰዓት ነው። ባሕር የመንግሥት ተቀጣሪ አይደለም።

ጁላይ 10፣ ዓርብ

በጥድፊያ። ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ቀመስኩ፤ ጨው። ሁለት ዓሣ፤ ትልቁ ሦስት ፓውንድ ይመዝን ይሆናል። ማንም አላየኝም።

ከቋጥኙ ጎን አዲስ የብረት ቀለበት ተተክሎ ገመድ ታስሮበታል፤ ልክ እጄ በሚደርስበት ከፍታ። ግድየለሽ ጀልበኛ ትቶት የሄደ መሆን አለበት። ሥርዓት የሌለው ሰው ንብረት ቢሆንም ያዝኩት።

ጁላይ 25፣ ቅዳሜ

የርስቱ አዲስ አስተዳዳሪ ሚስተር ሃርግሬቭ ይባላል። በሜይ ከእንግሊዝ መጣ። ከፍለው ለሚያጠምዱ እንግዶች ዓሣ ቃል ገብቷል፤ እንግዶቹም ውሃ ሲመቱ ውለው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ሱቅ ውስጥ «አንድ ሰው እየቀደመን ነው» ሲል ሰማሁት። ዱቄት እየመረጥኩ ነበር። ረጅም ጊዜ መረጥኩ።

ዛሬ ሊይዘኝ መጣ። ሰሌዳው አንድ ሰዓት ይላል፤ የእጁ ሰዓት አንድ ሲል ከውሃው ዘበኛ ከፊንሌይ ጋር ቋጥኙ ላይ ደረሰ። በእኔ ሰዓት ገና አሥራ ሁለት ነው፤ ባሕሩ መንገድ ላይ ነው። በመስኮት አየኋቸው። ዝናብ ጀመረ። ሰውዬው ሰሌዳውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ደረቁን ደፍ አየ። ሁለት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ፊንሌይ በእጁ ወደ ሆቴሉ አመለከተ፤ ቁርስ እዚያ ልክ በሁለት ሰዓት ይነሣል። ሄዱ። ባሕሩ ገባ። እኔም ወጣሁ።

ሦስት ዓሣ።

ፊንሌይ ግን ያሳዝነኛል። ከውሃው ሃምሳ እርምጃ ርቆ ተወልዶ፣ አራት ዓመት የእኔን ቴሌግራም አድሎ፣ ሰሌዳ ማንበብ አያውቅም። ሰዓት ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው።

ኦገስት 1፣ ቅዳሜ

ዶሊና ምሳ ላይ ደረሰች። የበግ ሾርባ ሰጠኋት። አንድ ማንኪያ ወስዳ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ሙርዲና፣ ባሕሩን ነው የቀቀልሽው?»

«ምን ሆነ?»

«ምንም። ውሃ ስጪኝ፣ ተናዝዤ ሳልጨርስ እንዳልሞት።»

«ምላስሽ ልፍስፍስ ሆኗል። ከተማ የሚበላውን እየበላሽ ነው።»

«የኔ ምላስ ደህና ነው፤ ለዚህ ነው የምጮኸው።»

ሦስት ኩባያ ጠጣች። ባለፈው ሳምንት ሰባኪውም እንዲሁ ነበር። ሰዉ ሁሉ ምን እንደነካው አላውቅም። ድሮ ሾርባዬ ስም ነበረው። አሁን ሁሉም ነገር የሚጣፍጠው ሲጨመርበት ነው፤ የሱቁ ጨው ድሮ እንደነበረው አይደለም።

ኦገስት 10፣ ሰኞ

ትናንት ሰንበት ነበር። ባሕሩ ሲገባ በመስኮት ተቀምጬ መጽሐፍ ቅዱስ አነበብኩ። ዓሦቹ አሥራ አራት ጊዜ ዘለሉ። መቁጠር ሥራ አይደለም።

ዛሬ አራት። አንድ ለዶሊና፤ አፍ ሲበላ አያወራም። አንድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ፊንሌይ በር ላይ አስቀመጥኩ። ሚስቱ ገና ወልዳለች። ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አገኘኝ፤ ቆቡን አነሳ።

«የሱቁ ዓሣ ደህና ነበር፣ እሜቴ።»

«ሱቁ አንዳንዴ ደህና ነገር ያመጣል።»

«ያመጣል። ሚስተር ሃርግሬቭ ዛሬም አንድ ሰዓት ላይ ነበሩ። ባሕር አላገኙም።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሜቴ፤ ሰዓት ላይ ጭንቅላት የለኝም።»

በራሱ አፍ መናገሩ መልካም ነው። ድክመቱን የሚያውቅ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ኦገስት 25፣ ማክሰኞ

አጭር። ቋጥኙ ጉልበቴን ነካኝ። በረጅም ወፍራም ካልሲ ሸፈንኩት። ገመዱን ይዤ ነበር፤ ባልይዝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር፣ ስላልሆነ ነገር አልጽፍም። አንድ ዓሣ። ዶሊና «ታነክሻለሽ» አለች። ጫማው ነው አልኳት። ጫማውም ጥሩ አይደለም።

ኢሽቤል ሴፕቴምበር 19 እንደምትደርስ ጽፋለች። ትልቅ ሻንጣ ይዛ እንደምትመጣም ጽፋለች። ለአንድ ሳምንት ትልቅ ሻንጣ።

ሴፕቴምበር 7፣ ሰኞ

ዛሬ ያደረግኩትን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀምጫለሁ።

ሚስተር ሃርግሬቭ በሬን አንኳኳ። ከነጭቃው ሊገባ ነበር፤ እግሩን አስጠረግኩት። ሾርባ አቀረብኩ፤ ጠላትም ቢሆን በዚህ ቤት ሳይበላ አይወጣም። አንድ ማንኪያ ወስዶ ዓይኑ እንባ ሞላ። ጉንፋን ይዞታል።

«ወይዘሪት ማክአስኪል፣ ስለዚህ ባሕር ከርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም ይላሉ።»

«የሚሉት ልክ ነው።»

«መዝገብ ቤት ውስጥ የአባትዎን ስምምነት አገኘሁ። ውሃው ጨው ሲሆን የዚህ ቤት ሰው ያጠምዳል፣ እቀበላለሁ። አልጫ ላይ የማገኘው ሰው ግን ሌባ ነው፣ ማንም ይሁን ማን ፍርድ ቤት አቆመዋለሁ።» ከእንስራው ውሃ ቀድቶ ጠጣ። ደግሞ ቀዳ። «ችግሬ ሌላ ነው። ሰሌዳው አንድ ሰዓት ይላል፣ አንድ ሰዓት እደርሳለሁ፣ ባሕር የለም። በጋውን ሙሉ። ሰሌዳው የተሳሳተ ነው። ለአታሚዎቹ ልጽፍላቸው ነው።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝምም ብዬ ነበር፤ ሁለት ማንኪያ ሾርባ እስክውጥ ድረስ። ግን ሠላሳ ዓመት አንዲት ደቂቃ ያልሳተን ሰሌዳ፣ ራሱን መከላከል የማይችልን ወረቀት፣ ተሳሳተ ብሎ ደብዳቤ ሊጽፍበት ነው።

«ሰሌዳው ትክክል ነው» አልኩ። «የተሳሳተው እጅዎ ላይ ያለው ነው። ሰሌዳው የሚታተመው በእግዜር ሰዓት ነው፤ በበጋ አንድ ይደምሩበት።»

ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓቴን አየ። የእጁን አየ። ፊቱ እንደ መብራት በራ።

«በእኔ ሰዓት ሁለት ላይ ብሄድ እንግዲህ…»

«ባሕሩን ያገኙታል።»

«ሌላም ሰው አገኝ ይሆናል» አለ። ዓይኑ በሩ ጀርባ ወደቆመው የአባቴ ዘንግ ሄደ። «ያ ምንድን ነው?»

«ፎጣ ማድረቂያ።»

ፎጣ ሰቅዬበት ነበር፤ እርጥብም ነበር። ስለዚህ ውሸት አይደለም።

እንስራውን ባዶ አድርጎ ሄደ። እኔ ሞኝ አሮጊት ነኝ። ይህንንም በትክክል ጽፌዋለሁ።

ሴፕቴምበር 8፣ ማክሰኞ

አልወጣሁም። ሁለት ሰዓት ላይ፣ በመንግሥት ሰዓት፣ ሰውዬው ቋጥኙ ላይ ቆሞ ነበር፤ ባሕሩም እግሩ ሥር። በሰዓቱ መድረሱ አስደሰተኝ፤ ወዲያው ደግሞ በመደሰቴ ተናደድኩ።

ፊንሌይ ቆቡን እያሽከረከረ መጣ።

«እሜቴ፣ የሰሌዳውን ነገር እርስዎ ነዎት የነገሯቸው?»

«ተሳስቶ ነበር፣ አረምኩት።»

«ሰው ሲሳሳት ዝም ብሎ ማሳለፍም እኮ አለ።»

«በዚህ ቤት የለም።»

ቆቡን ጭንቅላቱ ላይ ደፋ። «እንግዲህ በጋውን ሙሉ ደንቆሮ ተብዬ የኖርኩት በከንቱ ነው» አለ።

«ለመማር ዕድሜ አይወስንም» ብዬ አጽናናሁት። ምን እንዳስከፋው አልገባኝም።

ሴፕቴምበር 19፣ ቅዳሜ

ኢሽቤል ደረሰች። ሻንጣው ትልቅ ነው፤ ሲያነሱት ደግሞ ቀላል ነው። ባዶ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

ሾርባውን ቀመሰች። ውሃ ጠጣች። የጨው ጣሳውን አንስታ ነቅነቅ አደረገችው።

«አክስቴ፣ ይህ መቼ ተገዛ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ።» አስቀመጠችው። ቀጥላ «ካልሲዎን ያውልቁ እስቲ» አለች።

ነርስ መሆኗን ረስቼ ነበር። ጉልበቴን አየች፤ ምንም አላለችም። ዝም የሚል ሰው ክፉ ነው፤ መልስ አይሰጡትም።

ሴፕቴምበር 22፣ ማክሰኞ

ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ። ጅረቶቹ ሁሉ ነጭ ሆነው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ኢሽቤል ሻንጣውን አልጋዬ ላይ ከፍታ አስቀመጠች። የክረምት ልብሴን አጥፋ ብትከትበትም የሁለት ሰው ያህል ቦታ ተረፈ።

«ነገ እንነጋገር፣ አክስቴ።»

«ስለ ምን?»

«ያውቁታል።»

ነገ በእኔ ሰዓት አንድ ተኩል ላይ ባሕሩ ይገባል። ሰውዬውም ያውቃል፤ አስተምሬዋለሁ። የጡቡን ግድግዳ ለማየት ከሄድኩ ግን ባሕሩን ሳልሰናበት አልሄድም። አንድ ጊዜ ብቻ። ፎጣውን ከዘንጉ ላይ አነሳሁ።

ሴፕቴምበር 23፣ ረቡዕ

በቅደም ተከተል።

ኢሽቤል ሳትነሣ ወጣሁ። ሰማዩ አባርቷል፣ ሐይቁ ሞልቶ ቡናማ ነው። አባቴ «ከዝናብ በኋላ አልጫው ከላይ ይንሳፈፋል፤ ኩባያውን ክርንሽ እስኪርስ አጥልቀሽ ቅጂ» ይል ነበር። ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። ከላይ ቀዳሁ። ይህን እጽፋለሁ፣ ሆኖምና። ቀመስኩ። ጨው ነበር። እንደ ሁልጊዜው ጨው ነበር።

በሦስተኛው ውርወራ ያዘ። ዘንጉ እስከ እጀታው ጎበጠ። አንድ እጄ ገመዱ ላይ ነው፣ አንዱ ዘንጉ ላይ፤ እግሬ መሸሽ ጀመረ። ከኋላዬ ሁለት እጆች ወገቤን ያዙኝ።

«ይልቀቁት» አለችኝ ኢሽቤል። በሌሊት ልብስና በእኔ ቦት ጫማ።

«አንቺ ልቀቂኝ፣ ወይ ዘንጉን ያዢ።»

ዘንጉን ያዘች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አባቴ እዚሁ አስተምሯታል፤ እጇ አልረሳም። «ክሩን አላዪለት፣ አላዪለት፣ አሁን ሰብስቢ» እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ «አውቃለሁ፣ አክስቴ፣ ዝም ይበሉ» ትለኛለች። እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ፊቷ ቀልቷል፣ ፀጉሯ አፏ ውስጥ ገብቷል። አምስት ፓውንድ የሚሆን ዓሣ ድንጋዩ ላይ አወጣች። ቁጭ ብላ ሳቀች።

ሳቋ ሳያልቅ ሚስተር ሃርግሬቭ ከላይ ቆሞ ነበር። ከኋላው ፊንሌይ፣ ከፊንሌይ ኋላ ዶሊና በሽርጧ፤ የእሷ ወደዚያ መምጣት ከዓሣ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንጃ።

«ልክ በሰዓቱ ነዎት» አልኩት። እውነቱን ነው።

«ወይዘሪት፣ ሌሊቱን ሁሉ ዘንቧል። ይህ የጅረት ውሃ ነው፤ አልጫ ነው።»

«ጨው ነው። ቀምሼዋለሁ።»

«እንግዲህ ይቀመሳል» አለ። ኩባያውን ተቀብሎኝ አጠገቡ ካለው ውሃ ከላይ ቀዳ፤ መጀመሪያ ለፊንሌይ ሰጠው። ፊንሌይ ተጎነጨ፤ ፊቱን አኮማተረ።

«ጨው ነው፣ ጌታዬ። ምላስ ይልጣል።»

ዶሊና ሳትጠራ ነጠቀችው። «ሞት ይሻላል» ብላ ተፋች። «ጨው።»

ኢሽቤል ተቀበለች። አፏ ውስጥ ብዙ ያዘችው። የምታየው ውሃውን አልነበረም፣ እኔን ነበር፤ ልክ በሽተኛ እንደምታይ። ከዚያ ገመዱን አየች፣ ቀለበቱን አየች።

«ይህን ማን ቋጠረው?» አለችው ፊንሌይን።

«ባሕሩ ያመጣው ነው።»

«ባሕር ቋጠሮ ያውቃል?»

«የኛ ባሕር ያውቃል፣ እህቴ። በየሳምንቱም አጥብቆ ያስረዋል።»

ዶሊና ሐይቁን እያየች «ባሕሩ ሲደክመው እኔ በመስኮት አያለሁ» አለች። ለማን እንዳለችው አላውቅም።

ኢሽቤል ዋጠች። «ጨው ነው፣ አክስቴ» አለች። ኩባያውን ለሚስተር ሃርግሬቭ ሰጠችው።

የቀረው እሱ ነበር። ፉት ብሎ ቀመሰ። ሦስቱንም በየተራ አየ፤ በመጨረሻ እኔን፣ ከዚያ ካልሲዬ ላይ የወጣውን ደም። ኩባያውን አንስቶ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። የእንግሊዝ ሆድ ብርቱ ነው።

«ጨው ነው» አለ አፉን እየጠረገ። «እንዲያውም የወይዘሪትን ሾርባ አስታወሰኝ።»

አመሰገንኩት። ሾርባዬን ያመሰገነ ሰው ከተገኘ ዓመት ሆኖታል።

ሴፕቴምበር 26፣ ቅዳሜ

ኢሽቤል ሄደች። ሻንጣው እንደመጣው ቀላል ነው፤ የተጨመረበት በጨው የታሸ ግማሽ ዓሣ ብቻ ነው። ጨውን እሷ ራሷ ነሰነሰች፤ እኔን አላስነካችኝም።

ትእዛዝ ትታልኛለች፤ ሦስት ነው፤ በንጹሕ ፊደል ጽፋዋለች፣ ነጠላ ሰረዙም በቦታው ነው። ገመዱን ሳልይዝ አልቆምም። ኩባያውን የሚያጠልቀው ፊንሌይ ነው፣ ጉልበቴ እስኪድን። ለአንድ ድስት ሾርባ በዚች ትንሽ ማንኪያ አንዴ ብቻ ጨው፣ ከዚያ ጣሳው ዶሊና ቤት ያድራል።

«ሦስተኛው ምን አመጣው?» አልኳት።

«ለደም ግፊት።»

ለማን ደም ግፊት እንደሆነ አልነገረችኝም። ፈርሜያለሁ። በር ላይ ስትስመኝ «ጡቦቹን እኔ እቆጥርልዎታለሁ» አለችኝ። ስለ ጡቦቹ ነግሬያት አላውቅም። ዶሊና።

ኦክቶበር 26፣ ሰኞ

ትናንት፣ በሰንበት፣ መንግሥት ሰዓቱን ወደ ኋላ መለሰ። ሱቁ፣ ሆቴሉ፣ ፖስታ ቤቱ፣ የሚስተር ሃርግሬቭ እጅ፣ ሁሉም ወደ እኔ ሰዓት ተመልሰዋል። እኔ የእኔን አልነካሁም። ሲመለሱ አላፌዝኩባቸውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሱቅ ውስጥ።

ፊንሌይ ምሳ በላ። ሁለት ሳህን ሾርባ፤ አንድ ጠብታ ውሃ አልጠየቀም። «በሕይወቴ እንዲህ ያለ አልበላሁም፣ እሜቴ» አለ። እኔ ቀምሼው ነበር፤ ምንም አይልም።

ገና በአርባ ዓመቱ ምላሱ ደክሟል። ኩባያውን ለእሱ መተዉ ልክ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ቢሆንም ፈርሜያለሁ።